እግሬ የረገጠው ግቢ

ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር በታች

ለእህቴ ለነጅሚያ፣ እብናት

ደብዳቤ ሲጀመር ጸሐፊው ደህና መሆኑን ያስቀድማል ብለው አስተምረውኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ዛሬ ያንን መጻፍ አልቻልኩም። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ? የባልሽ የሁሴን ወገብ ተሻለው? ልጅሽ ሙባረክ እህል ሊጭን ሲመጣ ወረቀትሽን ገበያ ላይ ሰጥቶኛል። «እትዬ ትእዛዝ ከስተዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል» ብሎ እንደነገረሽ ጽፈሻል። አልዋሸም። ምን እንደደረሰብኝ ስለጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ።

በጎች እየሞቱ ነው። የምትገድያቸው አንቺ ነሽ እየተባልኩ ነው።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉ ውስጥ የሚግጡ በጎች አልቀውብን እንደነበር ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ አንዱአምላክ ከከተማ መጥቶ በሽታው የሚመጣው ከረግረጉ ነው አለን። መንደሩም ተማክሮ ረግረጉን በእሾህ አጠረ፤ ጠባቂም ተቀመጠለት። ዘንድሮ አንድም በግ አልወረደም። እንዲያም ሆኖ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እንደገና መሞት ጀመሩ። ማታ በእግሩ የገባ በግ ጠዋት ተዘርግቶ ይገኛል። መጀመሪያ የማሩ ቤት፣ ከዚያ የሙላቴ፣ ከዚያ የባሌ ወንድም የገሰሰ ቤት።

ሰዎቹ ተቀምጠው አሰቡ። «እነዚህ ቤቶች ዘንድሮ ማን ገባ?» ተባባሉ። ማን ይግባ? ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልቀረላት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቄጤማ ተሸክማ ቤት ለቤት እየዞረች የምትሸጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ለእንቁጣጣሽ ማሩ ቤት ገብቻለሁ፤ ለመስቀል ሙላቴ ቤት፤ ለማኅበር ገሰሰ ቤት። ያልገባሁባቸው ቤቶች በጎች ደህና ናቸው። ማስረጃው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

ትናንት ውሃ ልቀዳ ስወጣ የማሩ ሚስት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ። ልጁ በቁመት እኔን ያክላል፤ ግማሹ ከነጠላው ውጭ ቀርቷል። «ምነው፣ ትበላብኛለች ብለሽ ነው? በቀሩኝ ሁለት ጥርሶች?» አልኳት። አልሳቀችም።

ገሰሰ ግን ፊት ለፊት ተናገረኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽ የረገጠው ግቢ ውስጥ በግ አይተርፍም። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» አለኝ። ሽማግሌዎች በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ይቀመጣሉ። ከመንደሩ ትውጣ ወይስ ትቅር የሚለውን ይቆርጣሉ። ቤቴን ልቀቂ ሊሉኝ ነው፣ ነጅሚያ። ጭቃውን በእግሬ ያቦካሁትን፣ የባሌ ሬሳ የወጣበትን ቤቴን።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሰው ሁሉ ሲማር ባሌ «አንቺ ተምረሽ ማንን ልትከሺ ነው?» ብሎ ከልክሎኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እሱ በሞተ በዓመቱ ነው። ይኸው ተማርኩ፤ ተከሳሽ ሆኜ እጽፋለሁ።

ያልሸሸችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጎረቤቴ ፈንታነሽ። ከትናንት በስቲያ ለኅዳር ሚካኤል ዝክሯ ቄጤማ ይዤላት ሄድኩ። ዋጋ አልተቀበልኳትም። ደጇ ላይ ቆሜ ሳመነታ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ይዛ አስገባችኝ። «ይግቡ እትዬ፤ እዚህ ቤት ዓይንዎን የሚፈራ የለም» አለችኝ። ያላት አንዲት በግ ናት፤ እርጉዝ ናት። እሷንም አውጥታ አሳየችኝ። ሌላው በጉን ከእኔ ሲደብቅ እሷ «ይዩልኝ እስቲ፣ አላማረችም?» አለችኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ትእዛዝ


ኅዳር 23 ቀን 1998 ዓ.ም.
እብናት

ለመራራዋ እህቴ ለትእዛዝ

አንቺ ደህና ነኝ ማለት ካቃተሽ እኔ ለሁለታችንም ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። የሁሴን ወገብ አልተሻለውም። ምላሱ ግን ጤነኛ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብለት ቢላዋውን አስቀምጦ ሰማኝ። ሲያበቃ «ጉበቱን አዩት?» አለ። የምን ጉበት? አልኩት። «የሞተውን በግ ጉበት ነዋ! በጉን በለቱት ወይስ እሷን ብቻ ነው የሚበልቱት?»

አየሽ፣ ሁሴን ሥጋ ቤት ሲቆም ሠላሳ ዓመት አለፈው። ከእናንተ ደጋ የሚወርዱ በጎችና ከብቶች ሲታረዱ ጉበታቸው ብዙ ጊዜ ለሰው አይሆንም ይላል። የከብቱ ጉበት ሲቆረጥ አሸዋ እንዳለበት ይንኮሻኮሻል። ጫን ሲያደርጉት ጠፍጣፋ ትል ይወጣል፤ ልክ እንደ ትንሽ የወይራ ቅጠል። እኔም አይቻለሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። ወዳጅነት እህት ቢያደርገንም የእኛን ሥጋ አትበዪም፣ እኛም የእናንተን አንበላም፤ ትሉ ግን ክርስቲያን እስላም አይልም።

ስለዚህ ያንን ሐኪም አስጠሪው። የሞተ በግ ሰው ሁሉ ባለበት ይክፈት። ሰው በዓይኑ ጉበት ውስጥ ትል አያስቀምጥም፤ ይህን ገሰሰም ቢሆን አይክድም።

እምቢ ካሉ ደግሞ ልጄ ዘሀራ ካገባች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነው። አስጠርጌዋለሁ። አልጋ አለው፣ መስኮትም አለው። የምትጣዪው ጎረቤትም አላጣልሽም።

ነጅሚያ


ታኅሣሥ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ነጅሚያ እህቴ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ካልተነበበልሽ ይቅር በይኝ። ሰላምታውንም ለሌላ ቀን አቆዪልኝ።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። ከተማ ወጥቼ ሐኪሙን ለምኜ አመጣሁት። ማሩ ቤት ጠዋት የሞተ በግ ነበር፤ ሰውም ተሰብስቦ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ፤ ግቢ አልተባልኩምና። አንዱአምላክ በጉን ሲከፍተው ሆዱ ውስጥ የቆየ ደም ተንዠቀዠቀ። ጉበቱ ሰው የወጋጋው ይመስላል፤ ጠቁሯል፣ ተበሳስቷል። በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው እነዚያ ባልሽ የነገረሽ ቅጠሎች እየተንሸራተቱ ወጡ። ይንቀሳቀሳሉ፣ ነጅሚያ! በሕይወት አሉ! የማሩ ሚስት አፏን ይዛ ሮጠች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ «ይኸውላችሁ! ዓይኔን አገኛችሁት? ስንት ነው? ቁጠሩታ!» ብዬ ጮኽኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምነው ያኔ ወደ ቤቴ በሄድኩ!

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ «ረግረግ አውርዳችኋቸዋል ማለት ነው» አለ።

«ኧረ ጊዮርጊስን! አንድም ቀን አልወረዱም» አለ ማሩ። ጠባቂውም ማለ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ከዚያ ለሁሉም አስረዳን። የትሉ እንቁላል ከበጉ ኩስ ጋር ይወጣል። ዝናብ ጠርጎ ረግረግ ሲያስገባው ይፈለፈልና ጭቃው ላይ ያለችውን ትንሿን ቀንድ አውጣ ይገባባታል። ከእሷ ሲወጣ ውሃ ዳር ባለው ሣር ላይ ይጣበቃል። በዓይን አይታይም። በግ ወይም ከብት ያንን ሣር ሲበላ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ ጉበቱን እየበሳ ይገባል። «በጉ ወደ ሣሩ ባይወርድ እንኳ ሣሩ ወደ በጉ ከወጣ ያው ነው። ከረግረጉ እያጨደ የሚያበላ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አሉ ሁሉም። አልዋሹም። ሣር ያጨደ የለም።

እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

የእኛን ደንብ ታውቂዋለሽ። በዓል የዋለበት ቄጤማ መንገድ ላይ አይጣልም፤ ጸሎት ተደርሶበታል፣ የውጭ እግር አይረግጠውም። እንግዳው ሲሄድ ይጠረግና ለበጎቹ ይሰጣል። በረከት ነው ይባላል። ማንም ይህን ማብላት አይለውም፤ ሐኪም ቢጠይቀውም ትዝ አይለውም። ዘንድሮ ያን ቄጤማ ያጨድኩት ከየት መሰለሽ? ድሮ ከወንዙ ዳር ነበር። ዘንድሮ ረግረጉ ከታጠረ ወዲህ የሚግጠው ስለጠፋ ቄጤማው ወገቤ ድረስ በቅሎ ነበር። ጠባቂው «የተከለከለው በግ ነው፤ ሰው አልተከለከለም» እያለ ያስገባኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ለምለሙን መርጬ፣ ከእነ ጤዛው አጭጄ በየቤቱ አደረስኩ።

ለካ ልክ ነበሩ። እኔ የገባሁበት ቤት በግ ይሞታል፤ ያልገባሁበት ይተርፋል። ይህን ሁሉ አስተውለው እግሬን ሲያዩ ትከሻዬ ላይ ያለውን አላዩም።

ሐኪሙ ለመንደሩ በግ ሁሉ መድኃኒት አጠጣ። ሲጨርስ ግን እንዲህ አለ፦ «ይህ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። በቅርብ የገባውን ትንሹን አይነካውም፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ። በዚህ ወር ከረግረግ የወጣ ነገር የበላ በግ ካለ ንገሩኝ፣ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ።»

ፈንታነሽ በጓን በገመድ ይዛ ቆማለች። «የእኔዋ ረግረግ አታውቅም፤ ደህና ናት» አለችው እየሳቀች። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞር ብላ «አየዎት እትዬ? አልኩዎት አይደል!» አለችኝ።

የኅዳር ሚካኤሉን ቄጤማ ያችው በግ ናት የበላችው። እኔም ዝም አልኩ። ብናገር «በእጇ ነው የገደለችው» ብለው ዛሬውኑ ያስወጡኛል። ምን ላድርግ?

ትእዛዝ


ታኅሣሥ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.
እብናት

ትእዛዝ፣

የምን ምን ላድርግ ነው! ንገሪያቸው እንጂ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ መቀመጥ ጠፋኝ። ሁሴን እንኳ ቀልድ አጣ። ሰው ሳያውቅ ያደረገው አንድ ነገር ነው። ካወቀ በኋላ ዝም ያለው ሌላ ነው። ለሁሉም ለመናገር ከፈራሽ ለፈንታነሽ ብቻ ዛሬውኑ ንገሪያት። ሐኪሙ መድኃኒት አለ ብሏል እኮ! ገናም እየደረሰ ነው። ሰው ቄጤማ ይፈልጋል፤ አንቺ ባታጭጂ ሌላ ያጭዳል።

ከቤትሽ ቢያስወጡሽ ክፍሉ አለ። ሙባረክ ከእነ መኪናው ይመጣልሻል። እሱን አትፍሪ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። ያቺ ሴት እጅሽን ይዛ ያስገባችሽ ቤትሽ እንዲቀርልሽ ብላ አይደለም። ስላመነችሽ ነው።

ነጅሚያ


ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለነጅሚያ፣

ሰሞኑን በላክሽው ወረቀት ለፈንታነሽ ነገርሻት ወይ ብለሽ ሦስት ቦታ ላይ ጠይቀሽኛል። አንዱ ይበቃ ነበር። አልነገርኳትም፤ ክፍት የቀረልኝ ደጅ የእሷ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የበጓን የዓይን ቆብ ገልብጬ አይ ነበር። ሐኪሙ ውስጡ ከነጣ ደም አልቋል ማለት ነው ብሎ ነበርና። ቀይ ነበር። ዛሬም ቀይ ነው፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዋልኩ አደርኩ። ፈንታነሽ ደግሞ «ከእኔ ይልቅ አንቱ ወደዷት» እያለች ትስቅብኛለች። ዳቦ ቆርሳ ትሰጠኛለች። ያንን ዳቦ እንዴት እንደምውጠው እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽማግሌዎቹ በገብርኤል ማግስት ተቀመጡ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ሰብሳቢው አቶ ፈንታሁን ናቸው። ገሰሰ ተነስቶ ትሉን በዓይኑ አይቶ እንኳ «ትሉንስ ማን ላከው?» አለ። ሰውም «እውነት ነው» ብሎ አጉረመረመ። አቶ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞረው «ትእዛዝ፣ የምትናገሪው አለሽ?» አሉኝ።

የነበረኝ ቃል ሌላ ነበር። ልሰድባቸው አስቤ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስድብ ሳደራጅ ነው ያደርኩት። ቆሜ አፌን ስከፍት ግን «በጎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» የሚል ወጣ።

ነጅሚያ፣ ሰው ሲደነግጥ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። አንዲት ሴት አማተበች። ገሰሰ ራሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሲከሰኝ የኖረው ሰውዬ ባመንኩለት ጊዜ ፈራኝ!

«በዓይኔ ግን አይደለም» አልኩ። «በቄጤማዬ ነው። ከረግረጉ አጨድኩት፤ እናንተም ጠርጋችሁ ለበግ ሰጣችሁት። ሐኪሙ የሚያጭድ አለ ወይ ሲላችሁ ሁላችሁም የለም አላችሁ። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ያው አንቺው ነሽ!» አለ ገሰሰ።

«እኔ ነኝ። ካጨድኩት በኋላ ግን ወደ በጎችህ ጉሮሮ ማን አቀረበው? እኔ በረትህን አላውቀውም፤ ከደጅ አባረኸኛል።»

የማሩ ሚስት ሁለት እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ጀመር። «በእጄ! በረከት ነው ብዬ በእጄ! ለታመመው ደግሞ ጨመርኩለት!» እያለች ወገቧን ያዘች። እሷን ሳይ ንዴቴ ጠፋብኝ፤ ብፈልገው አጣሁት። ሙላቴ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

አቶ ፈንታሁን ተነስተው «እኛ የተቀመጥነው ዓይን ልንዳኝ ነበር፤ ዓይን የለም። ትእዛዝ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አሉ። ከረግረጉ ቄጤማም ሆነ ሣር እንዳይወጣ፣ ለገናም ማንም ቄጤማ እንዳይጎዘጉዝ ተቆረጠ። ይቅርታ ያለኝ የለም። እኔም አላልኩም።

ፈንታነሽ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ሁሉም ሲንጫጫ እሷ ብቻ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ ተነስታ ሄደች። ሳትሮጥ ነው የሄደችው። እኔም ያኑ ዕለት ከተማ ወጥቼ ለሐኪሙ ነገርኩት። ያንን ሌላውን መድኃኒት ከባሕር ዳር እንዲመጣ አዝዟል፤ ከገና በፊት ግን አይደርስም አለኝ። በጓ ዛሬም ትበላለች ይላሉ። እኔ አላየኋትም፤ ደጁ ተዘግቷል።

ትእዛዝ


ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነጅሚያ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰሽ አልልሽም፤ በዓልሽ አይደለም። ሁሴን በእግሩ ገበያ መውጣቱን ሰምቼ ግን ደስ ብሎኛል። መኪና መቼ ልላክልሽ ስላልሽኝ መልሱ ይኸው፤ አልመጣም። ክፍሉን አከራዪው። ቤቴ ቀርቶልኛል።

ባለፈው ሳምንት ገሰሰ መጣ። ከደጄ ውጭ ቆሞ ሲያስል ሰማሁት። ስንት ዘመን ሳይመጣ የቆየ ሰው ነው።

«ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«አንዲቷ በጌ ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ከረጢት አብጣለች። ሐኪሙ ሲናገር ከእኔ ይልቅ አንቺ ሰምተሻል። መጥተሽ ብታዪልኝ...»

«እግሬስ?»

መሬት መሬቱን አየ። «እግርሽንም ይዘሽ ነይ እንግዲህ፤ ምን ትይኛለሽ» አለ።

ፀሐይ ላይ አቁሜው ነጠላዬን ቀስ ብዬ ለበስኩ። ከዚያ ሄድኩ። የዓይኗ ቆብ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ዛሬውኑ ለሐኪሙ አሳያት አልኩት፤ ወሰዳት። የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲጠጡ ደብቋት ኖሯል፤ መርዝ መስሎት። አሁን ሰዉ ሁሉ ይጠራኛል። የማሩ ሚስት «እሜቴ» ማለት ጀምራለች። በክፉም በደግም ሲጠሩኝ ያው እነሱው ናቸው። ከልቤ አልታረቅኋቸውም፤ እሱን ከእኔ አያገኙትም።

ስለ ፈንታነሽ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽ ሁለት ጊዜ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ይቅር በይኝ። ልጽፍ ስጀምር ብዕሩ ይቆምብኛል።

መድኃኒቱ በጥምቀት ዋዜማ ደረሰ። በጓ ግን ከገና በኋላ በአራተኛው ቀን ጠዋት በረት ውስጥ ተገኘች፤ ግልገሉ በሆዷ እንዳለ። ማታ ስትበላ ነበር ያመሸችው። የዓይኗ ቆብም አልነጣም ነበር አሉ። በድንገት የሚገድለው እንደዚያ ነው፤ ያንን ምልክት አይጠብቅም፤ ሐኪሙ ኋላ ነገረኝ። እኔ እኮ ያንን ቀይ እያየሁ ነበር ቀን ስገፋ የኖርኩት።

ትናንት ውሃ ዳር ተገናኘን። እንስራዋን አውርዳ ቆመች። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ሰው ሁሉ እሳቸው ናቸው ሲል ሐሰት ነው ብዬ የተጣላሁት እኔ ነኝ። ከእህቴ ጋር እንኳ ተኳርፌበታለሁ። አንቱ ግን ጠዋት ጠዋት ቤቴ እየገቡ፣ ዳቦዬን እየበሉ፣ የበጌን ዓይን እየገለጡ ዝም አሉኝ።»

«አዎ» አልኳት።

«ሰዎች የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነው እንግዲህ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

እንስራዋን አነሳች። ላግዛት እጄን ስዘረጋ ፈቀቅ አለች። የማሩ ሚስት ድሮ እንደምትሸሸኝ በፍርሃት አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ ለማያውቁት ሰው መንገድ እንደሚለቀቅ ነው የለቀቀችልኝ።

ነጅሚያ፣ አገር ሁሉ ገዳይዋ ትእዛዝ ናት ሲላት አላመነችም ነበር። እኔ ስነግራት አመነችኝ።

ትእዛዝ